የሦስቱ ስፖርቶች ማኅበር፦ የአማተር ትራያትሎን ክለብ አመጣጥና አሠራር

1. ምንነቱ

የአማተር ትራያትሎን ክለብ ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን አከታትለው በአንድ ውድድር ለመጨረስ የሚዘጋጁ ሰዎች በገዛ ገንዘባቸውና በትርፍ ጊዜያቸው የሚያቆሙት ማኅበር ነው። አባላቱ መምህራን፣ ነርሶች፣ ሹፌሮች፣ የሒሳብ ሠራተኞችና ጡረተኞች ናቸው፤ ከስፖርቱ የሚያገኙት ደመወዝ የለም። በኢትዮጵያ የአትሌቲክስ ክለብ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው በባንክ፣ በመከላከያ ወይም በማረሚያ ቤቶች ሥር ያለ፣ ለአትሌቶቹ ደመወዝ የሚከፍል ተቋም ነው። የትራያትሎን ክለብ አካሄድ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከፋዩ አባሉ ራሱ ሲሆን የመጨረሻው ሥልጣንም የአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ ነው።

አባላቱ የሚዘጋጁባቸው ርቀቶች ብዙ ናቸው። አጭሩና ለጀማሪ የሚመከረው 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። የኦሎምፒኩ ርቀት የዚህ እጥፍ ሲሆን 1.5፣ 40 እና 10 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ረጅሙ፣ በተለምዶ «አይረንማን» የሚባለው፣ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና በመጨረሻው አንድ ሙሉ ማራቶን አለው።

2. የሩጫ ክለብ ልጅ

ሦስቱን ስፖርቶች የማቀናጀት ሐሳብ በ1920ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ታይቶ ነበር፤ ነገር ግን ሥር አልሰደደም (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዛሬው ትራያትሎን የተጀመረው በካሊፎርኒያዋ ሳን ዲዬጎ ከተማ ነው። የጀመረውም የሩጫ ክለብ ነው። የሳን ዲዬጎ ትራክ ክለብ አባላት የነበሩት ጃክ ጆንስቶንና ዶን ሻናሃን በየሳምንቱ ከሚደጋገመው የሩጫ ልምምድ የተለየ ነገር ፈለጉ። ጆንስቶን ሩጫንና ዋናን ያጣመረ ውድድር ሞክሮ ወዶት ነበር፤ ሻናሃን ደግሞ ብስክሌት ይጨመርበት አለ።

ውድድሩ ሴፕቴምበር 25 ቀን 1974፣ በሥራ ቀን ማምሻ ላይ፣ ሚሽን ቤይ በተባለው የባሕር ወሽመጥ ዳር ተካሄደ። 46 ሰዎች ተሳተፉ። የጥሪ ወረቀቱ ወደ 6 ማይል ሩጫ፣ 5 ማይል ብስክሌትና 500 ያርድ ዋና እንዳለ ይገልጽ ነበር፤ ከሩጫው 2 ማይል ያህሉ በሣርና በአሸዋ ላይ በባዶ እግር የሚሮጥ ነው። ብስክሌቱን ሁሉም ከየቤቱ ይዞ እንዲመጣ ታዘዘ። ቅደም ተከተሉ ከዛሬው ይለያል፤ ሩጫው ይቀድም ነበር። የመጨረሻዎቹ ተወዳዳሪዎች ገና ውሃ ውስጥ ሳሉ ስለመሸ መኪኖች ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው መብራታቸውን አበሩላቸው። ተቋሙ ዛሬም የሚኖርበት መንፈስ በዚያ ምሽት ይታያል፤ አዘጋጁና ተወዳዳሪው ያው የክለቡ ሰው ነው፣ የጎደለውንም በቦታው የተገኘ ሰው ይሞላዋል።

ከተሳታፊዎቹ መካከል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ጆን ኮሊንስና ባለቤቱ ጁዲ ይገኙ ነበር። ባልና ሚስቱ ኋላ ወደ ሃዋይ ተዛወሩ። በ1977 በኦዋሁ ደሴት በአንድ የሩጫ ሽልማት ዝግጅት ላይ ከስፖርተኞች ሁሉ ብርቱው ማን ነው የሚል ክርክር ተነሣ፤ ሯጩ፣ ዋናተኛው ወይስ ብስክሌተኛው? ኮሊንስ በደሴቱ ላይ በየበኩላቸው ይካሄዱ የነበሩትን የዋኪኪን የባሕር ዋና፣ ደሴቱን የሚዞረውን የብስክሌት ጉዞና የሆኖሉሉ ማራቶንን በአንድ ቀን እንግጠማቸው አለ። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1978 አሥራ አምስት ሰዎች ጀምረው አሥራ ሁለቱ ጨረሱ። አሸናፊው ጎርደን ሃለር 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ፈጀበት። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ውሃና ምግብ የሚያቀብሉ ረዳቶችን ራሱ ማምጣት ነበረበት፤ ሁለተኛ የወጣው የጆን ደንባር ረዳቶች ውሃ አልቆባቸው ቢራ አቀበሉት። በማግስቱ ዓመት ሊን ለማየር የመጀመሪያዋ ሴት ሆና ከአጠቃላይ ተወዳዳሪዎች አምስተኛ ወጣች።

3. ክለብ ያስፈለገበት ምክንያት

«አይረንማን» የተባለው ይህ የሃዋይ ውድድር ከደሴቲቱ አልፎ የታወቀው በቴሌቪዥን ነው። ኤቢሲ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ ከ1980 ጀምሮ ቀረጸው፤ በ1981 ውድድሩ ኮና ወደምትባለው ከተማ ተዛወረ። በፌብሩዋሪ 1982 ጁሊ ሞስ የተባለች የኮሌጅ ተማሪ ስትመራ ቆይታ ከመጨረሻው መስመር አጠገብ ጉልበቷ ከዳት፤ ካትሊን ማካርትኒ አልፋት አሸነፈች፣ ሞስም በእጅና በጉልበቷ እየዳኸች መስመሩን ተሻገረች። ያንን ምስል ያዩ ብዙ ተራ ሰዎች እኔም ልሞክረው አሉ።

ለመሞከር ግን ቦታ አልነበራቸውም። የዋና ክለቦች በአብዛኛው ሕፃናትንና ወጣቶችን ለአጭር ርቀት የሚያሠለጥኑ ነበሩ፤ የ40 ዓመት ጎልማሳ ጀማሪ መስመር አያገኝም። የሩጫ ክለቦች ሰው በደስታ ቢቀበሉም ስለ ውሃ የሚያውቁት አልነበራቸውም። የብስክሌት ክለቦች ደግሞ የትራያትሎን ሰዎችን በጥርጣሬ ያዩ ነበር፤ ጥርጣሬውም መሠረት ነበረው። በ1987 ለገበያ የቀረበው፣ ጋላቢው ክርኑን አስደግፎ ወደ ፊት የሚዘረጋበት መሪ ነፋስን ለመቁረጥ ግሩም ቢሆንም እጅን ከፍሬን ያርቃል፤ በጅምላ በሚጋለብበት ጊዜ አደጋ ነው። (ይኸው ከትራያትሎን የመጣ መሪ በ1989 ግሬግ ሌሞንድ ቱር ደ ፍራንስን በ8 ሰከንድ ብልጫ ሲያሸንፍ ረድቶታል።)

ስለዚህ ሦስቱንም የሚያውቅ አሠልጣኝ የሚገኝበት፣ የመዋኛ ገንዳ ኪራይን የሚያካፍል፣ በክፍት ውሃና በአውራ ጎዳና ላይ ሰው ብቻውን እንዳይሆን የሚያደርግ ማኅበር ያስፈልግ ነበር። ትራያትሎን የተጀመረባት ሳን ዲዬጎ የራሷን የትራያትሎን ክለብ በ1983 አቋቋመች፤ እስከ ዛሬም በዓለም ካሉት ትልልቅ ክለቦች አንዱ ነው። በሌሎች ከተሞችም ከሩጫ ወይም ከዋና ክለብ የተነጠሉ ጥቂት ሰዎች የየራሳቸውን መመሥረት ያዙ።

4. ከፌዴሬሽን ጋር መተሳሰር

ክለቦች በተበታተነ መልኩ ሲበዙ የጋራ ደንብ የግድ ሆነ። የአሜሪካና የብሪታንያ አገር አቀፍ ማኅበራት ሁለቱም በ1982 ተቋቋሙ፤ የጀርመኑ በ1985 ተከተለ። ዓለም አቀፉ ኅብረት በ1989 በፈረንሳይዋ አቪኞን ተመሥርቶ በዚያው ዓመት እዚያው የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና አካሄደ። ስፖርቱ በሲድኒ 2000 ኦሎምፒክ ገባ። ከሚሽን ቤይ ምሽት እስከ ሲድኒ የቆየው 26 ዓመት ብቻ ነው፤ ለአዲስ ስፖርት እጅግ ፈጣን ጉዞ ነው።

ለተራው ክለብ ከኦሎምፒኩ ይልቅ የሚጠቅመው ፌዴሬሽኑ ያመጣቸው ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው መድን ነው፤ አባሉ በልምምድ ላይ ሌላ ሰው ቢጎዳ ወይም ክለቡ ቢከሰስ የሚሸፍን ዋስትና ባይኖር ኖሮ ገንዳ የሚያከራይም ሆነ የመንገድ ፈቃድ የሚሰጥ አካል ማግኘት ይከብድ ነበር። ሁለተኛው የአሠልጣኞች የደረጃ ምስክር ወረቀት ነው። ሦስተኛው የዕድሜ ምድብ ሥርዓት ነው። አማተሮች በየአምስት ዓመቱ በተከፈለ ምድብ ስለሚወዳደሩ የ62 ዓመት ሴት የምትፎካከረው ከእኩዮቿ ጋር ነው፤ በምድቧ ጎበዝ ከሆነች የአገሯን መለያ ለብሳ በዓለም ሻምፒዮና ልትሰለፍ ትችላለች። አማተሩን ለአሥርት ዓመታት በስፖርቱ ውስጥ ያቆየው ይህ ሥርዓት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሜሪካዊቷ መነኩሲት ሲስተር ማዶና ቡደር በ2012 በካናዳ ረጅሙን ርቀት የጨረሱት በ82 ዓመታቸው ነው።

በአማተሩና በባለሙያው መካከል ያለው ልዩነት በብስክሌቱ ክፍልም ይታያል። ባለሙያዎቹ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በኦሎምፒክ ርቀት አንዱ የሌላውን ጀርባ ተከትሎ ከነፋስ እንዲከለል ተፈቅዶላቸዋል። ለአማተሩ ግን በአብዛኞቹ ውድድሮች ይህ ክልክል ነው፤ ርቀቱን ያልጠበቀ ጋላቢ በደቂቃዎች ይቀጣል ወይም ይሰረዛል። ስለዚህ የክለብ አባል በልምምድ ቀን በቡድን ቢጋልብም በውድድር ቀን ብቻውን ከነፋስ ጋር ይታገላል።

5. አደረጃጀት

ሕጋዊ ቅርጹ እንደየአገሩ ይለያያል። በጀርመን ማኅበር ለማስመዝገብ ቢያንስ ሰባት አባላት ይጠየቃሉ። በፈረንሳይ ክለቦች የሚቋቋሙት በ1901 በወጣው የማኅበራት ሕግ መሠረት ነው። በብሪታንያ ከ2002 ወዲህ የማኅበረሰብ አማተር ስፖርት ክለቦች የግብር እፎይታ የሚያገኙበት መዝገብ አለ። በሁሉም ዘንድ ግን ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፤ ትርፍ ለአባላት አይከፋፈልም።

በውስጥ አሠራሩ ጠቅላላ ጉባኤው በዓመት አንድ ጊዜ ተሰብስቦ ሊቀመንበር፣ ፀሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣል። ከእነሱ ሥር የልምምድ አስተባባሪ፣ የውድድር ኃላፊና የመለያ አልባሳት ኃላፊ ይኖራሉ። ታዳጊዎችን የሚቀበል ክለብ ልጆች እንዳይበደሉ የሚከታተል፣ ቅሬታ የሚሰማ ተጠሪም ይመድባል። ሁሉም ያለ ክፍያ ይሠራሉ፤ አንዳንድ ክለብ ለዋና አሠልጣኙ ብቻ የሰዓት አበል ይከፍላል።

ገቢው ዓመታዊ መዋጮና ክለቡ ራሱ ከሚያዘጋጀው ውድድር የሚገኝ የምዝገባ ክፍያ ነው። ከወጪው ትልቁን ድርሻ የሚወስደው በአብዛኛው የገንዳ ኪራይ ነው። ውድድር ማዘጋጀት ቀላል ሥራ አይደለም፤ ከከተማው የመንገድ ፈቃድ ማውጣት፣ ለውሃው ነፍስ አድን ዋናተኞችና ካያክ ማሰማራት፣ በየመታጠፊያው ሰው ማቆም፣ የሕክምና ቡድን መቅጠር፣ በቁርጭምጭሚት የሚታሰረውን የሰዓት መቆጣጠሪያ መከራየት ይጠይቃል። ብዙ ክለቦች እያንዳንዱ አባል ቢያንስ በአንድ ውድድር ላይ በበጎ ፈቃድ እንዲቆም በደንባቸው ይደነግጋሉ። የተቋሙ ደካማ ጎንም እዚሁ ላይ ነው። ሸክሙ በጥቂት ትከሻዎች ላይ ይወድቃል፤ የሚተካ ሰው ስለጠፋ ገንዘብ ያዡ ዓመት ከዓመት ያው ሰው ይሆናል፣ እሱ ሲደክመው ክለቡም አብሮ ይደክማል።

6. የሳምንቱ ልምምድ

የክለቡ ሕይወት በሥራ ሰዓት ዙሪያ የተቃኘ ነው። ገንዳው ለሌላው ሰው ከመከፈቱ በፊት ጎሕ ሲቀድ ወይም ከተዘጋ በኋላ ማታ ይዋኛል፤ ኪራዩም በዚያ ሰዓት ይረክሳል። በአንድ መስመር ውስጥ ስድስት ሰባት ሰው ይገባል። ፈጣኑ ከፊት ይነሣል፣ ሌሎቹ ግድግዳው ላይ ያለውን የሰከንድ ሰዓት እያዩ በአምስት ወይም በአሥር ሰከንድ ልዩነት ይከተላሉ፤ መስመሩን በአንድ ጎን ሄደው በሌላው ይመለሳሉ። ማለፍ የፈለገ የፊተኛውን እግር በጣቱ ነካ ያደርጋል፣ የተነካውም ግድግዳው ጋ ሲደርስ ጠርዙን ይዞ ያሳልፈዋል። ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረው ከእጅ አጣጣል ይልቅ ይህንን ሥነ ሥርዓት ነው።

ቅዳሜ ወይም እሑድ ረጅሙ የብስክሌት ጉዞ ይኖራል። የፊተኛው ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ይጠቁማል፣ የኋለኛው መኪና ሲመጣ ይጮኻል። ጎማ የተነፈሰበት ሰው ብቻውን አይተውም፤ ቡድኑ ቆሞ የውስጥ ጎማው እስኪቀየር ይጠብቃል። ከብስክሌት ወርዶ ወዲያው መሮጥም ራሱን የቻለ ልምምድ ነው፤ ሰዓታት ሲሽከረከር የቆየ እግር በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አልታዘዝ ይላል፣ ይህን ያልለመደ ተወዳዳሪም ሩጫውን በድንጋጤ ይጀምራል።

ከሁሉ የሚገርመው ከአንዱ ስፖርት ወደ ሌላው የመሸጋገር ልምምድ ነው። በባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ የብስክሌት መስቀያ ይተከላል፣ መሬት ላይ በኖራ መስመር ይሰመራል። አባላቱ ከውሃ እንደወጡ ሆነው እየሮጡ መጥተው የጎማውን የዋና ልብስ ከትከሻቸው ገፈው እስከ ቁርጭምጭሚት ያወርዳሉ፣ በአንድ እግር ረግጠው ሌላውን ይጎትታሉ። ከዚያ የራስ ቁሩ ይደረጋል። ሕጉ እዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም፤ የራስ ቁሩ ማሰሪያ አገጭ ሥር ሳይቆለፍ ብስክሌቱን ከመስቀያው ያነሣ ይቀጣል። የኖራው መስመር ሳይታለፍም ኮርቻ ላይ አይወጣም። አሠልጣኙ ይህን አሥር ጊዜ ያስደጋግማል፤ በውድድር ቀን ልቡ እየመታ፣ ጣቱ በብርድ ደንዝዞ ሳለ እጁ ያለ ሐሳብ እንዲሠራው ነው።

7. ውሃው

ክለቡ ለአባሉ የሚያበረክተው ትልቁ ነገር የውሃ ደኅንነት ነው። በ2010 በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የታተመ ጥናት ሦስት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ በአሜሪካ ትራያትሎኖች ላይ የደረሱ 14 ሞቶችን መርምሮ 13ቱ በዋናው ክፍል መድረሳቸውን አሳይቷል። መጠኑ ከመቶ ሺህ ተሳታፊ 1.5 ገደማ ነው፤ ትንሽ ቢመስልም ሞቱ በአንዱ ክፍል ላይ መከማቸቱ ትልቅ ትምህርት ሆኗል።

ገንዳ የለመደ ሰው ሐይቅ ሲገባ ሁሉ ነገር ይለወጥበታል። ወለሉ አይታይም፣ የሚይዘው ጠርዝ የለም፣ ብርዱ ትንፋሹን ይነጥቀዋል፣ በዙሪያውም የሌሎች ክንድና እግር ይመታዋል። ስለዚህ ክለቦች ከውድድሩ ወራት አስቀድመው በሐይቅ ወይም በባሕር ዳር ልምምድ ይከፍታሉ። አባላቱ በስም ተመዝግበው ይገባሉ፣ ሲወጡም ይቆጠራሉ። ሁለት ሁለት እየሆኑ ደማቅ ቀለም ያለው መንሳፈፊያ በወገባቸው አስረው ይዋኛሉ። ጀማሪው በመጀመሪያው ቀን ፊቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ ትንፋሹ እስኪረጋ ይጠብቃል እንጂ አይዋኝም። ከዚያ በየጥቂቱ ምት ቀና ብሎ ምልክቱን ማየት፣ ሲደነግጥም በጀርባው ተገልብጦ እጁን ማንሣት ይማራል።

ለትራያትሎን ተብሎ የተሠራው የጎማ ልብስ ከ1987 ጀምሮ ገበያ ላይ አለ፤ ሙቀት ይይዛል፣ ሰውነትንም ያንሳፍፋል። በዓለም አቀፉ ደንብ በኦሎምፒክ ርቀት አማተሮች ውሃው ከ22 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሆን እንዲለብሱት አይፈቀድም። ስለዚህ ያለ ልብሱም መዋኘት መቻል የዝግጅቱ አካል ነው።

8. ረጅሙ ርቀት

የአባላቱ የጽናት ፈተና ጎልቶ የሚወጣው በአይረንማን ርቀት ነው። የሰዓት ገደቡ በአብዛኛው 17 ሰዓት ነው፤ ንጋት ላይ የጀመረ እኩለ ሌሊት ላይ ሊጨርስ ይችላል። ዝግጅቱ ግማሽ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። አምስትና ስድስት ሰዓት የሚወስድ የብስክሌት ጉዞ ከቅዳሜ ቅዳሜ እየተደጋገመ ሲመጣ ዋጋውን ቤተሰቡም ይከፍላል። ጥሩ ክለብ አዲስ አባል በመጀመሪያው ዓመቱ ወደዚህ እንዳይጣደፍ ይመክራል፤ ምክሩም ተገቢ ነው፣ ሰውነት የሚጠነክረው በዓመታት ነውና።

እዚህ ርቀት ላይ ሰው የሚሸነፈው በሆዱ ነው። በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ ይመከራል፤ ጨጓራ ግን ይህንን የሚቀበለው ቀስ በቀስ ሲለማመድ ነው። ውሃ አብዝቶ መጠጣትም የደም ሶዲየምን አውርዶ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ሰውየው ሙቀቱን ፈርቶ በየጣቢያው ሲጠጣ ይቆይና ራሱ ይከብደዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ረዳቱም ጠምቶት ነው ብሎ ሌላ ውሃ ይሰጠዋል። ይህን ምልክት ለይቶ የሚያውቅ ነባር አባል በመንገድ ዳር መገኘቱ ሕይወት ያድናል።

ውድድሩ ራሱ ከመነሻው ርቆ ሄዷል። የአይረንማን ኩባንያ በ2015 ለቻይናው ዋንዳ በ650 ሚሊዮን ዶላር ተሸጦ፣ በ2020 ደግሞ ወደ አሜሪካው አድቫንስ ተላልፏል። የምዝገባ ክፍያውም ብዙ ተራ ሠራተኞች የሚያወጡት አይደለም። ተወዳዳሪውን የሚያዘጋጀው ክለብ ግን ዛሬም በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ማኅበር ነው፤ ከዚህ ሽያጭ ያገኘው ነገር የለም።

9. የዛሬ ድርሻው

በ2020 ገንዳዎች በኮቪድ ምክንያት ሲዘጉ ክለቦች ልምምዳቸውን ወደ ቤት አስገቡ፤ አባላት ብስክሌታቸውን በቆመ ማሽን ላይ አስረው በኮምፒዩተር እየተያዩ ጋለቡ። ገንዳዎች ከተከፈቱ በኋላም ይህ የክረምት ልማድ ሆኖ ቀርቷል።

የአባልነቱ ስብጥር በዝግታ እየሰፋ ነው። ለሴቶች ብቻ የተዘጋጁ ተከታታይ ውድድሮች በአሜሪካ ከ1990 ጀምሮ ብዙ ጀማሪዎችን አምጥተዋል። የአካል ጉዳተኞች ትራያትሎን በሪዮ 2016 ፓራሊምፒክ ከገባ ወዲህ ዓይነ ሥውራን ተወዳዳሪዎችን በገመድ ተሳስረው የሚመሩ አጋሮችን ማሠልጠን የአንዳንድ ክለቦች መደበኛ ሥራ ሆኗል። መሪው በሦስቱም ስፖርት ከሚመራው ሰው መፍጠን አለበት፤ በብስክሌቱ ሁለቱ በአንድ ባለ ሁለት ኮርቻ ላይ ይቀመጣሉ። በቶኪዮ ወደ ኦሎምፒክ የገባው የወንዶችና ሴቶች ቅይጥ ዱላ ቅብብልም በክለቦች መካከል አጫጭር የቡድን ውድድሮችን አበርክቷል።

ያልተፈታው ችግር ዋጋ ነው። ብስክሌቱ፣ የጎማ ልብሱና የምዝገባው ክፍያ ተደማምረው ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ሰው ያርቃሉ፤ ክለቦች በሚበዙበት አገር ሁሉ አባልነቱ ወደ ባለ ደህና ገቢው ያጋደለ ነው። ለዚህ ከተገኙት መላዎች የሚበጀው የጋራ ዕቃ ቤት ነው። ነባሮች የተዉት የጎማ ልብስና ብስክሌት ይጠገናል፣ በመዝገብ ይሰፍራል፣ ለአዲስ አባል ለመጀመሪያው ወቅት ያለ ክፍያ ወይም በጥቂት መያዣ ይሰጣል፤ ወቅቱ ሲያልቅ ታጥቦ ይመለሳል።